ድሬዳዋ ተቀምጦ በጽሑፍ መኖር፦ የድርጅቱንም የፈጠራውንም

በብዕር እንጀራ ለመብላት የግድ አዲስ አበባ መሄድ የለባችሁም። ድሬ ውስጥ የሚጻፍ ነገር ሞልቷል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፤ በ2014 ነፃ የንግድ ቀጠናም ተመርቋል። ዕቃ አስተላላፊው፣ ሆቴሉ፣ የግል ክሊኒኩ ሁሉ ፕሮፖዛል፣ ብሮሸርና የቴሌግራም ማስታወቂያ ይፈልጋል። ግጥም ወይም ልብ ወለድ የምትጽፉ ከሆነ ይህን ሥራ አትናቁት። የቤት ኪራይ ይከፍላል፤ እጅንም ያፍታታል።

መጀመሪያ ናሙና አዘጋጁ። ያዘዛችሁ ሰው ባይኖርም፣ ከዚራ ወይም መጋላ ሰፈር ካለ ሱቅ አንድ በራሪ ወረቀት ውሰዱና እንደ አዲስ ጻፉት። አብዛኛው እንዲህ ይላል፦ «ድርጅታችን የረጅም ጊዜ ልምድ ባካበቱ ባለሙያዎች ጥራቱን የጠበቀ አገልግሎት ይሰጣል።» ይሄ ለጥርስ ሐኪምም ለጎማ ሻጭም ይሆናል። ባለቤቱን ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት። ደንበኛ ሌላውን ትቶ ለምን አንተ ጋ ይመጣል? ፍሪጅ ጠጋኝ ነው እንበል። «ጠዋት ያመጣችሁትን ማታ እናስረክባለን፤ ካልሠራ አናስከፍልም» ካላችሁ፣ በቃ፣ ማስታወቂያው ተገኘ። በድሬ ሙቀት ፍሪጅ የቆመበት ሰው መስማት የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አጭር ልብ ወለድ ስትጽፉም ገጸ ባሕርያችሁን እንዲሁ ጠይቁት፤ ምን ቸገረው? እስከ ማታ ምን ካላገኘ ይከፋዋል?

ናሙናውን አትማችሁ በአካል ሂዱ። በጠዋት ይሁን። እኩለ ቀን ላይ በዚያ ሙቀት የሚያናግራችሁ አታገኙም።

ሥራ ስትቀበሉ ውል ጻፉ፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ግማሹን ክፍያ በቅድሚያ ተቀበሉ። ስንት ጊዜ እንደምታስተካክሉም ይጻፍ፣ አለዚያ «እስቲ ትንሽ ብቻ ነካ ነካ አድርጊው» ማለቂያ የለውም። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ በቅጥር ወይም በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ማለትም አባዝቶ የመሸጥና የመሳሰለው መብት፣ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር። ስለዚህ የምትወዱትን ታሪክ ለማስታወቂያ ከመስጠታችሁ በፊት ደግማችሁ አስቡ። መብቱ በእጃችሁ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ውሉ ላይ አስፍሩ።

ሰዓታችሁን ለዩ። እኔ ንጋትን ለፈጠራ እሰጣለሁ፤ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ጭንቅላትም ይሠራል። የደንበኛ ጽሑፍ ከቁርስ በኋላ ይደርሳል። ኢሜይል ከከፈታችሁ በኋላ ወደ ግጥም መመለስ በጣም ይከብዳል።

የደንበኛን ምስጢር ታሪክ አታድርጉት። ድሬ ሰው የሚተዋወቅበት ከተማ ነው፤ ስም ቀይራችሁም ባለቤቱ ይታወቃል። ጆሯችሁን ግን ክፍት አድርጉ። አሸዋ ገበያ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ክርክር ውስጥ ሲገቡ ስሙ፤ ንግግር አጻጻፍ የሚለመደው እዚያ ነው።

የወር ደሞዝ ያለው ሥራ ከያዛችሁ ቶሎ አትልቀቁ። የጎን ሥራው ለተከታታይ ወራት ኪራዩንና አስቤዛውን ሲሸፍን፣ ያኔ አስቡበት።