ርቱዕ ወደር፦ ስሌቱ ትክክል፣ መልሱ ስህተት

ምልክት፦ ተማሪው ማባዛቱም ማካፈሉም ልክ ነው፤ መልሱ ግን ስህተት ነው።

መንስኤ፦ ርቱዕ ወደር ያልሆነውን ርቱዕ ወደር ነው ብሎ ተነስቷል። ርቱዕ ወደር ማለት አንዱ መጠን ለሌላው ሲካፈል ድርሻው ሁሌ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። ሂሳብ ሳስጠና ደጋግሜ የማርመው ይሄንኑ ነው።

የታክሲ መነሻ ሂሳብ 60 ብር ሆኖ በየኪሎ ሜትሩ 15 ብር ይጨመራል እንበል። ለ4 ኪሎ ሜትር 120 ብር ከተከፈለ ለ8 ኪሎ ሜትር ስንት ይከፈላል? አንዲት ተማሪዬ አመሳቅላ አባዝታ 240 አለች። «ቲቸር፣ መንገዱ እጥፍ ከሆነ ሂሳቡም እጥፍ ነዋ!» መልሱ 180 ነው። መነሻዋ 60 ብር የምትከፈለው አንዴ ብቻ ናት፤ መንገዱ ስለረዘመ አትጨምርም።

ሰንጠረዥ አሠራኋት፦ ለ1፣ ለ2፣ ለ3 ኪሎ ሜትር 75፣ 90፣ 105 ብር። «ይኸው ሁሌ በ15 ይጨምራል» አለችኝ። ብዙዎቹ የሚሳሳቱት እዚችው ላይ ነው። በእኩል መጨመሩ የሚነግረን ግራፉ ቀጥ ያለ መስመር መሆኑን ብቻ ነው። ርቱዕ ወደር እንዲሆን መስመሩ በዜሮ፣ ዜሮ ነጥብ ማለፍ አለበት፤ ይሄኛው ግን ከ60 ነው የሚነሳው።

መፍትሄ፦ ልዩነቱን ትታችሁ አካፍሉ። 75 ለ1 ሲካፈል 75፣ 90 ለ2 ሲካፈል 45፣ 105 ለ3 ሲካፈል 35። ድርሻው ከተለያየ «ዋይ እኩል ይሆናል ኬ ኤክስ» ብላችሁ እንዳትጽፉ! (እዚህ ኤክስ መንገዱ፣ ዋይ ሂሳቡ፣ ኬ ደግሞ የማይለወጠው ድርሻ ነው።) ሽንኩርት 2 ኪሎ በ80 ብር፣ 5 ኪሎ በ200 ብር ከሆነ ግን ሁለቱም 40 ይሰጣሉ፤ ኬ ማለት ይህ 40 ነው።

በአንድ ጥንድ ቁጥር ብቻ አትፍረዱ። ርቱዕ ወደር መሆኑን ሳይናገሩ አንድ ጥንድ ሰጥተው «ኬን ፈልግ» የሚሉ ግድ የለሽ ወርክሺቶች ልጆቹን ያበላሻሉ። ቋሚ ዘንጉ ከዜሮ የማይጀምር ግራፍም እንዲሁ ነው፤ መስመሩ ከጥጉ የተነሳ ይመስላል። ዘንጉ ላይ ያለውን ቁጥር ሳታነቡ ዓይናችሁን አትመኑ።

ሙቀትም ያው ነው። 10 ዲግሪ ሴልሺየስ 50 ፋራናይት ነው፤ 20 ዲግሪ ግን 68 እንጂ 100 አይደለም። ከፋራናይቱ 32 ቀንሳችሁ ብታካፍሉ ሁለቱም 1.8 ይሰጣሉ። ታክሲውም 60ው ሲነሳለት 15 ላይ ይጸናል።

ምልክት፦ ኤክስ ሲጨምር ዋይ ይቀንሳል። ኢ-ርቱዕ ወደር ነው ለማለት አትቸኩሉ፤ ኬ ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል። ኢ-ርቱዕ የሚሆነው ብዜቱ ሲጸና ነው፤ አንድን ሥራ 4 ሠራተኞች በ6 ቀን፣ 8 ሠራተኞች በ3 ቀን ሲጨርሱት ብዜቱ ሁለቱም ጋ 24 ነው።

ምልክት፦ በሽንኩርቱ ሂሳብ በ40 ፈንታ አንድ አርባኛ ወጣ። ተገልብጧል፤ «ብር በኪሎ» ብላችሁ መለኪያውን አጠገቡ ጻፉ።

ምልክት፦ ዋይ = 2(ኤክስ + 3) − 6 ተሰጥቶ ተማሪው «ትርፍ ቁጥር አለው፣ አይሆንም» ይላል። አልፎ አልፎ ነው የሚገጥመው። ቅንፉን ፍቱት፤ 6 በ6 ይጣፋና ዋይ = 2ኤክስ ይቀራል።