ኦርቶ፣ ፓራ፣ ሜታ ሳትሸመድዱ የምትለዩበት መንገድ

አራት ኪሎ ላይብረሪ ቁጭ ብላችሁ ያንን የዳይሬክተሮች ሰንጠረዥ (ቤንዚን ሪንግ ላይ ያለ ግሩፕ አዲስ ገቢውን ኦርቶ ማለትም አጠገቡ፣ ሜታ ማለትም አንድ ካርቦን ዘሎ፣ ወይ ፓራ ማለትም ፊት ለፊቱ እንደሚልከው የሚያሳየውን) እንደ ዳዊት የምትደግሙ ልጆች ስሙኝማ፣ ፈተና ላይ ያላያችሁት ግሩፕ ከመጣ ሰንጠረዡ ምንም አያደርግላችሁም፣ ይልቅ እስክሪብቶ አንሱና ሪንጉን ሳሉት።

መጀመሪያ ሪንጉ ላይ በቀጥታ የተያያዘውን አተም እዩ። ኦክስጅን ወይ ናይትሮጅን ሆኖ ነፃ ሎን ፔር (ለቦንድ ያልዋለ የኤሌክትሮን ጥንድ) ካለው ኤሌክትሮን ወደ ሪንጉ ይሰጣል፣ ኤሌክትሮፋይል (ሪንጉ ላይ የሚገባው አዲሱ) ደግሞ የሚፈልገው ኤሌክትሮን ነው፣ ስለዚህ ሪአክሽኑ ይፈጥናል። ቤንዚን በብሮሚን እንዲተካ ካታሊስት ይፈልጋል፣ ፌኖል (OH ያለው ቤንዚን) ግን ብሮሚን ውሃ ጠብ ሲደረግበት ያለ ካታሊስት ወዲያው ነጭ ዝቃጭ ይሰጣል፣ 2፣ 4 እና 6 ላይ ሶስት ብሮሚን ገብቶ ማለት ነው። ሜቲል ሎን ፔር የለውም ግን ትንሽ ይገፋል፣ ቶሉዊን (ሜቲል ያለው ቤንዚን) በናይትሬሽን (ሪንጉ ላይ ናይትሮ፣ NO2፣ ሲገባ) ከቤንዚን 25 ጊዜ ያህል ይፈጥናል። እንደ ናይትሮ፣ ካርቦኒል፣ ሳያኖ ያሉት ግን ኤሌክትሮን ይስባሉ፣ ሪንጉን ያዳክሙታል።

አሁን ዋናው ነገር፣ የት ይገባል የሚለው። እዚህ ጋ አትቸኩሉ፣ ኤሌክትሮፋይሉ እንደገባ የሚፈጠረውን የመሀሉን ካርቦካታዮን (ፕላስ ቻርጅ ያለው ካርቦን) ሶስቱንም ሬዞናንስ፣ ማለትም ፕላሱ የሚቀመጥባቸውን ሶስት ስትራክቸሮች፣ ሳሉ። ኤሌክትሮፋይሉ ኦርቶ ወይ ፓራ ላይ ከገባ ከሶስቱ በአንዱ ፕላሱ ግሩፑን የያዘው ካርቦን ላይ ያርፋል፣ ሜታ ከገባ ግን በጭራሽ እዛ አይደርስም። በቃ ሚስጥሩ ይሄ ነው። እዛ ካርቦን ላይ ያለው ሜቶክሲ (OCH3) ከሆነ ኦክስጅኑ ሎን ፔሩን ሰጥቶ አራተኛ ስትራክቸር ይጨምራል፣ ናይትሮ ከሆነ ግን ናይትሮጅኑ ራሱ ፕላስ ስለሆነ ሁለት ፕላስ ጎን ለጎን ይሆናል፣ ይሄ ደግሞ በጣም መጥፎ ነው። ናይትሮቤንዚንን ናይትሬት ስታደርጉ 93% አካባቢ ሜታ የሚወጣው ለዚህ ነው፣ ሜታው ጎበዝ ስለሆነ ሳይሆን ሌሎቹ ስለባሱ፣ ሜታውም ራሱ ከቤንዚን በጣም ቀርፋፋ ነው።

ክሎሪንና ብሮሚን ብዙ ሰው ያሳስታሉ። በኢንዳክቲቭ (በቦንዱ በኩል) የሪንጉን ኤሌክትሮን ይስባሉ፣ ስለዚህ ክሎሮቤንዚን በናይትሬሽን ከቤንዚን 30 ጊዜ ያህል ይዘገያል፣ ፕላሱ አጠገባቸው ሲመጣ ግን ሎን ፔራቸውን ይሰጣሉና ኦርቶ ፓራ ናቸው።

አኒሊን (NH2 ያለው ቤንዚን) ላይም ተጠንቀቁ፣ በናይትሬሽን አሲድ ውስጥ ፕሮቶን ይቀበልና ሎን ፔሩ ስለሚያዝ ግማሽ የሚጠጋው ሜታ ይወጣል፣ ፓራ ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ አሴታይሌት አድርጉት (ናይትሮጅኑ ላይ አሴታይል ግሩፕ አስገቡ)።

ሲንተሲስ ጥያቄ ላይ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ነው ማርኩን የሚወስነው፣ ሜታ ብሮሞናይትሮቤንዚን ከተባላችሁ ናይትሮውን አስቀድሙ፣ ፓራውን ከተባላችሁ ብሮሚኑን አስቀድማችሁ ከዛ ናይትሬት አድርጉና ኦርቶውን ለዩት።