የሮማውያንን እንስራ አይቶ ምን እንደነበረበት እንዴት ማወቅ ይቻላል?

ቢጫዋን የዘይት ጀሪካን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ዘይቱ ሲያልቅ ውሃ ይቀዳባታል፣ ስታረጅ ደግሞ አናቷ ተቆርጦ አበባ ይተከልባታል። ሙዚየም ገብታችሁ በሮማ ክፍል የተደረደሩትን ባለሁለት ጆሮ እንስራዎች ስታዩ እሷን አስቡ። አምፎራ ይባላሉ። ጌጥ አይደሉም፣ የዘመኑ ጀሪካን ናቸው። ብዙ ሰው ገልመጥ አድርጓቸው ወደ ሐውልቶቹ ያልፋል። እኔም ያው ነበርኩ።

መጀመሪያ መጠኑን እዩ። ሰው ገብቶ ሊደበቅበት የሚችል ከሆነ አምፎራ ሳይሆን ዶሊየም ነው። የኛ ጋን በሉት፣ ግን አድጎ አድጎ እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ የተቀበረ። ጣሊያን ውስጥ፣ በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው የሮማውያን ከተማ ፖምፔ አጠገብ፣ ቦስኮሬያሌ ውስጥ ባለ አንድ የገበሬ ቤት 18ቱ ተቀብረው ይታያሉ፤ ባንድ ላይ 10,000 ሊትር ገደማ ወይን ጠጅ ይይዙ ነበር። ጠጋ ብላችሁ ከንፈሩን ፈትሹ። ቁጥር ከተቀረጸበት ስንት አምፎራ እንደሚይዝ ነው የሚናገረው፣ ምክንያቱም አምፎራ የዕቃው ስም ብቻ ሳይሆን 26 ሊትር አካባቢ የሚሆን መስፈሪያም ነበር። አንዳንዱ ስንጥቁ በቀለጠ እርሳስ ተጠግኖ ታገኙታላችሁ። ውድ ዕቃ ነው፣ ተሰነጠቀ ተብሎ አይጣልም።

ከተንቀሳቃሾቹ ደግሞ ሆዱን ተመልከቱ። ረዘም፣ አንገቱም መለል ያለ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የወይን ጠጅ ነው። ድብልብል ያለ፣ አንገተ አጭር፣ ግድግዳው ወፍራም ከሆነ ግን ከደቡብ ስፔን የመጣ የወይራ ዘይት ዕቃ ሳይሆን አይቀርም። ካርዱ ላይ «ድሬሰል 20» የሚል ካያችሁ አትደናገሩ፤ ሃይንሪሽ ድሬሰል የሚባል ጀርመናዊ በ1899 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዝርዝር ለየቅርጹ የሰጠው ቁጥር ነው። ይሄኛው ባዶውን 30 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ 70 ኪሎ ገደማ ዘይት ሲገባበት ደግሞ አንድ ኩንታል! የወደብ ወዛደሮቹን ወገብ አስቡት።

ከቻላችሁ ውስጡን አጮልቁ። ጥቁር ነገር ከተለቀለቀ የጥድ ዝፍት ነው፣ ሸክላው እንዳያፈስ የሚቀባ። እኛ ጋናችንን በወይራ እንደምናጥነው እነሱም የወይን ጠጃቸው ትንሽ ዝፍት ዝፍት እንዲል ለምደውት ነበር። ዘይት ግን ዝፍትን ስለሚያሟሟ የዘይቱ ዕቃ ብዙውን ጊዜ አይቀባም። አፉ በቡሽ ወይም በሸክላ ክዳን ተደፍኖ ላዩ ይመረጋል፣ ልክ እንደ ጠላ ጋን።

ጽሑፍ የማንበብ ነገር የሚጥመው እነዚሁ የዘይት እንስራዎች ላይ ነው። ጆሮው ላይ ማኅተም ይመታል። ሆዱ ላይ በቀለም የባዶው ክብደት፣ የነጋዴው ስም፣ የዘይቱ ክብደት፣ ጎን ላይ ደግሞ የተቆጣጣሪ ማስታወሻ ይሰፍራል። ደረሰኙ ዕቃው ላይ ነው ማለት ነው።

ቂጡ ለምን ሾለ? ጀበና ያለ ማቶት እንደማይቆመው ይሄም ብቻውን እንዲቆም አልተሠራም። መርከብ ላይ የላይኛው ረድፍ ሹል በታችኛው ረድፍ አንገቶች መሃል ይሰካል። ሲቀዳ ደግሞ ሹሉ ሦስተኛ እጀታ ይሆናል።

በነገራችን ላይ የውስጥ ግድግዳው መወጣጫ፣ ጎኑ የአየር ቀዳዳ ያለው ማሰሮ ካጋጠማችሁ፣ አይጥ የምትመስል የዛፍ እንስሳ የሚያደልቡበት ነው። ለገበታ። እንለፈው።

ከዚያ የተሰበረ ወይም የተቆረጠ ነገር ፈልጉ። የወይን ጠጅ እንስራ ባዶውን አይቀርም፤ የውሃ መውረጃ ቱቦ፣ አንዳንዴም የሕፃን መቃብር ይሆናል። የዘይቱ ግን ዘይት ስለሚመጥና ስለሚሻግት ለሌላ ነገር አይመችም። ሮም ከተማ ውስጥ ሞንቴ ቴስታቾ የሚባለው 35 ሜትር ከፍታ ያለው ኮረብታ ተፈጥሮ የሠራው አይደለም፣ በአብዛኛው የተሰባበረ የዘይት እንስራ ክምር ነው። ሽታው እንዳያስቸግር ኖራ ይነሰንሱበት ነበር።

እነዚህ ዕቃዎች እኛም ዘንድ ደርሰዋል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ አንድ የነጋዴ መመሪያ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የጣሊያንና የላዖዲቅያ ወይን ጠጅን ይቆጥራል፣ ጥቂት የወይራ ዘይትም። ቆየት ብሎ ደግሞ በምሥራቁ የሮማ ግዛት፣ የዛሬዋ ዮርዳኖስ ወደብ በሆነችው አቃባ ላይ የተተኮሱ እንስራዎች አዱሊስም አክሱምም ተገኝተዋል፤ ጥቁር አሳርካ በምትባል የኤርትራ ደሴት አጠገብ የሰጠመ አንድ መርከብም እነሱን ጭኖ ነበር። ስለዚህ ከአክሱም የተገኘ ተብሎ ረዘም ያለ፣ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ፣ ዙሪያውን መስመር መስመር ያለው እንስራ ካያችሁ፣ ካርዱን ከማንበባችሁ በፊት «አቃባ» ብላችሁ ገምቱ።