አትክደኑት! ስቴክ ፊንገርስ ስንጠብስ የምናበላሻቸው ነገሮች

ዳላስ አካባቢ ያለ አንድ ዳይነር (የአሜሪካ ተራ ምግብ ቤት) ኩሽና ውስጥ ሥራ ከጀመርኩ 11 ዓመት አለፈኝ። በመጀመሪያው ሳምንት «ቺክን ፍራይድ ስቴክ» የሚል ትዕዛዝ ሲመጣ ፍሪጁን ከፍቼ ዶሮ አወጣሁ። ኩሽናው በሙሉ ሳቀብኝ። ለካ ዶሮ የሚባል ነገር የለበትም። የከብት ሥጋ ነው፤ እንደ ዶሮ ዱቄት ለብሶ በዘይት ስለሚጠበስ ነው ስሙ እንዲያ የሆነው። ጀማሪ ሲሳሳት እያየሁ ልቆጣ ስል ያቺ ዶሮ ትዝ ትለኛለች።

ስቴክ ፊንገርስ ማለት ያንኑ ስቴክ በጣት መጠን ቆራርጠው ሲጠብሱት ነው። ከጎኑ ቁንዶ በርበሬ የበዛበት ነጭ ግሬቪ፣ ማለትም በዱቄትና በወተት የሚሠራ ወፍራም ማጥቀሻ፣ ይቀርባል፣ እያጠቀሱ ይበሉታል። ቴክሳስ ውስጥ ዴይሪ ኩዊን የሚባለው የፈጣን ምግብ ቤት ሳይቀር ከድንች ጥብስና ከወፍራም ቶስት ጋር ይሸጠዋል። ኦክላሆማዎች ደግሞ እንደ ፈረንጆቹ በ1988 የግዛታቸው ምግብ ብለው ባወጁት ዝርዝር ውስጥ ስቴኩን አስገብተውታል። በ1840ዎቹ ቴክሳስ የሰፈሩ ጀርመኖች ይዘውት ከመጡት ሽኒትዝል ነው የተወለደው ይባላል፣ ብዙ ሰውም ያምንበታል። አዲስ አበባ ሆቴል ቤት ገብታችሁ ኮቶሌት በልታችሁ ከሆነ ዘመዱን ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ንዴቴ።

አትክደኑት። በቃ፣ አትክደኑት! እኛ ቤት ምግብ መክደን ክብር እንደሆነ አውቃለሁ። እንጀራው መሶብ ውስጥ ይከደናል፣ ወጡ ድስቱ ላይ ይከደናል፣ እንግዳው እስኪመጣ ሁሉም ነገር ተከድኖ ይጠብቃል። ሳይከደን የቆየ ምግብ ለሰው ማቅረብ ነውር እንደሆነ እየሰማን ነው ያደግነው። ግን ይሄ ወጥ አይደለም። ከዘይት የወጣ ሥጋ ውስጡ ገና እየፈላ ነው፣ እንፋሎት ያወጣል። ስትከድኑት እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ክዳኑ ላይ ውሃ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል። ያ ስንት የለፋችሁበት ሽፋን አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ይረጥባል።

አንድ ቅዳሜ አንዲት እትዬ የምንላቸው እናት ለልጅ ልጃቸው ክርስትና 4 ኪሎ ሥጋ ጠበሱ። ከጎናቸው ቆሜ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ከምጠብሰው ይሻል ነበር። ሁለት ፍሬ እዚያው ምድጃው ጋ ቆሜ በላሁ፣ ስነክሰው ድምፁ ሳሎን ይሰማል። እጄን ልታጠብ ሄጄ ስመለስ ሁሉንም አሉሚኒየም ትሪ ውስጥ ቆልለው፣ በፎይል ጠቅልለው፣ በላዩ ፎጣ ደርበውበት አገኘሁ። «እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ። ምን ይባላል? ከዚያ 40 ደቂቃ መንገድ። አዳራሹ ስንደርስ ፎይሉ ሲነሳ እንፋሎቱ ገላ መታጠቢያ ቤት የተከፈተ ይመስል ነበር። ሽፋኑ እንደ እርጥብ ካልሲ ከሥጋው ላይ ይንሸራተታል። አንዱ ጎረምሳ «ፍርፍር ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። እትዬ ሰምተውታል።

እንዲህ አድርጉ። መጋገሪያ ትሪ ላይ የሽቦ መደርደሪያ አስቀምጡ፣ ኬክ የሚያቀዘቅዙበትን ዓይነት። ከዘይቱ ሲወጣ እዚያ ላይ ደርድሩት፣ አትቆልሉት። ኦቭኑን 200 ፋራናይት (93 ሴንቲግሬድ ገደማ) ላይ አድርጋችሁ ሳትከድኑ አስገቡት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ጥሩ ሆኖ ይቆይላችኋል። የወረቀት ፎጣ ላይ ማንጠፍም ያው የመክደን ወንድም ነው፣ ከታች በኩል ያረጥበዋል። ድግሱ ሌላ ቦታ ከሆነ ሥጋውን ለብጣችሁ ውሰዱና እዚያው ጥበሱ። ካልተቻለ ደግሞ ክፍቱን ውሰዱት፣ መኪናው ዘይት ዘይት ቢሸት ምን ይደረግ።

አቆራረጡ ላይ ደግሞ የቋንጣ ልማዳችን ይጎዳናል። እጃችን ሥጋ ሲይዝ በርዝመቱ፣ የክሮቹን አቅጣጫ ተከትሎ መዘልዘል ይወዳል። ይሄ ሲጠበስ ጎማ ይሆናል። ክሮቹን አቋርጣችሁ ቁረጡ፣ ውፍረቱ 1 ሴንቲሜትር፣ ስፋቱ አውራ ጣት ቢያክል ይበቃል። ሥጋው ግማሽ ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ ቢቆይ ቢላው አይንሸራተትም። ውድ ሥጋ አትግዙ። እዚህ ሱቅ «ኪዩብ ስቴክ» ብለው የሚሸጡት በማሽን ተወጋግቶ የለሰለሰ ስለሆነ በጣም ምቹ ነው። ካጣችሁ ከታፋ ውሰዱና በሥጋ መደብደቢያ ወይም በቢላ ጀርባ ደብድቡት። ለጥሬ ሥጋ የሚሆን ሽንጥ ዱቄት ውስጥ ማንከባለል ግፍ ነው።

ሥጋ ማጠብ የማትተዉ ከሆነ እጠቡ፣ አልጣላችሁም። ግን በደንብ አድርቁት! እርጥብ ሥጋ ላይ ዱቄት ሊጥ ይሆናል እንጂ አይይዝም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ስህተት ችኮላ ነው። ለአንድ ኪሎ ሥጋ ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ የበቆሎ ስታርች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና የነጭ ሽንኩርት ዱቄት እቀላቅላለሁ። በሌላ ሳህን ሁለት እንቁላልና አንድ ኩባያ ተኩል በተርሚልክ እመታለሁ። በተርሚልክ የአሬራ ዘመድ ነው፣ ግን የሱቁ ወፈር ይላል። ካጣችሁ በአንድ ኩባያ ወተት አንድ የሾርባ ማንኪያ ሎሚ ጨምቃችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ሥጋው መጀመሪያ ዱቄት፣ ቀጥሎ በተርሚልክ፣ ከዚያ እንደገና ዱቄት ውስጥ ይገባል፤ ሁለተኛው ላይ በመዳፍ ጫን አድርጉት። አንድ እጃችሁ ለደረቁ፣ አንዱ ለእርጥቡ ይሁን፣ አለዚያ ጣታችሁም አብሮ ይለበጣል። ዱቄቱ ላይ ሁለት ሦስት ማንኪያ በተርሚልክ ጠብ ጠብ አድርጋችሁ በጣት ብታሹት ትንንሽ ፍርፋሪ ይሠራል፣ ስትነክሱት የሚንኮሻኮሸው እሱ ነው። ከዚያ ማንም የማይሰማኝ ነገር አለ፦ የተለበጠውን ሥጋ 15 ደቂቃ ተዉት። ዱቄቱ እርጥበቱን ጠጥቶ ሥጋው ላይ የሚጣበቀው ያኔ ነው። ቀጥታ ዘይት ውስጥ የጣላችሁት እንደሆነ ሽፋኑ ለብቻው፣ ሥጋው ለብቻው ይሄዳሉ።

ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ፤ ሁሉም የፍስክ ነው። የጾሙን አሠራር አትጠይቁኝ፣ አላውቅበትም።

ዘይቱ 350 ፋራናይት ይድረስ፣ 175 ሴንቲግሬድ ገደማ ማለት ነው። ቴርሞሜትር ግዙ፣ ውድ አይደለም። እሱም ከሌለ ቁንጥር ዱቄት ጣል አድርጉ፣ ወዲያው ካልተንጫጫ አልደረሰም። መጥበሻውን ደግሞ አትሙሉት። ቀዝቃዛ ሥጋ በአንድ ጊዜ ሲገባ ዘይቱ ሙቀቱን ያጣል፣ ሽፋኑም መጠበሱን ትቶ ዘይት ይጠጣል። ትልቅ መጥበሻ ላይ ከስድስት ፍሬ በላይ አታድርጉ። እንግዳው ይጠብቅ፣ እኛ አገር ያልጠበቀ እንግዳ አለ እንዴ? ሦስት አራት ደቂቃ ይበቃዋል፣ አንዴ ብቻ ገልብጡት። በየዙሩ መሃል ዘይቱ ውስጥ የቀረውን ፍርፋሪ በወንፊት ማንኪያ አውጡ፤ ካልወጣ ይከስልና ቀጣዩን ያመርረዋል።

ዘይቱ እሳት ከያዘ ውሃ አትድፉበት። ምድጃውን አጥፉ፣ ክዳን ግጠሙበት። መክደን የፈቀድኩላችሁ እዚህ ላይ ብቻ ነው።

በርበሬ። ዱቄቱ ውስጥ በርበሬ ወይም ሚጥሚጣ የሚጨምሩ አሉ፣ እኔም አድርጌዋለሁ፣ ያውም «አዲስ ነገር ፈጠርኩ» ብዬ ለባልደረቦቼ እያወራሁ። በጋለ ዘይት ውስጥ በርበሬ ቶሎ ያርራል፤ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ይመራል። ማቃጠሉን ከወደዳችሁት ማጥቀሻው ውስጥ አድርጉት። ሚጥሚጣ ግሬቪ ላይ ሸጋ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ አዋዜ በማዮኔዝ መትቼ ነው የማቀርበው፣ ልጆቹ ግሬቪውን ትተው እሱን ይጨርሱታል። የቴክሳስ ሰው ፊት ግን አትናገሩብኝ።

ግሬቪው ብዙዎች የሚፈሩት ነው፣ አይፈራም። የላዛኛ ቤሻሜል መሥራት የሚችል ሰው ሠራው ማለት ነው። ልዩነቱ በቅቤ ፋንታ ሥጋው የተጠበሰበትን ዘይት መጠቀማችን ነው፣ ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው። ዘይቱን በሙሉ ደፍቶ መጥበሻውን አጥቦ በአዲስ ዘይት ግሬቪ የሚጀምር ሰው አይቼ ልቤ ደምቷል። አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ከነጣፋጭ ዝቃጩ አስቀሩ (የከሰለው ይውጣ)፣ አራት ማንኪያ ዱቄት ጨምሩ፣ የጥሬ ዱቄት ሽታው እስኪጠፋ ሁለት ደቂቃ ያህል አማስሉ። ከዚያ ሁለት ኩባያ ተኩል ወተት በጥቂት በጥቂቱ፣ ሳታቋርጡ እየመታችሁ። ወተቱን በአንድ ጊዜ የገለበጠ ሰው ግሬቪው ይጓጉልበታል። ገንፎ ሲገነፋ ያየ ሰው ይሄ ሊነገረው ባልተገባ ነበር። ጨው፣ ከዚያም አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ቁንዶ በርበሬ፣ አትሰስቱ።

መቼ ማውረድ እንዳለባችሁ ግን ልብ በሉ። እሳት ላይ እያለ ልክ መስሎ ከታያችሁ አልፏል፣ ምክንያቱም ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። አጥሚት ሲመስል አውርዱት። እኔ አንዴ ለምሳ ሰዓት አስቀድሜ ሠርቼ ተውኩት፣ ስመለስ ማንኪያው ቀጥ ብሎ ቆሞበታል። አንዱ ሽማግሌ ደንበኛ በሹካ ቆርጦ በላውና «ኬክም አላችሁ?» አለኝ። ቢወፍርባችሁ ትኩስ ወተት ጨምራችሁ መምታት ነው፣ ይመለሳል። ሥጋው ላይ ግን አታፍስሱት። በማጥቀሻ ሳህን ለየብቻ ይቅረብ፣ አለዚያ ያው የፎይሉ ታሪክ ነው።

ለነገ የተረፈውን ማይክሮዌቭ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ከእኔ ጋር ባያወራ ይሻላል። ኦቭን ወይም ኤር ፍራየር፣ 375 ፋራናይት፣ እስኪንኮሻኮሽ።

እትዬ ከዚያ ክርስትና በኋላ በሳምንቱ ደወሉልኝ። ለሌላ ዝግጅት ሊሞክሩት ነው። ሥጋውን ለብጠው እዚያው እንዲጠብሱት፣ ግሬቪውን ደግሞ እንዳይቀዘቅዝና እንዳይደርቅ በፔርሙዝ ይዘውት እንዲሄዱ ነገርኳቸው፣ እኛም ዳይነሩ ውጭ ስንሠራ የምናደርገው እንደዚያ ነው። ሄጄ አየሁት፤ ሥጋው ሽቦ ላይ ተደርድሯል፣ ፎይል በአካባቢው የለም፣ ድምፁ እንደዚያን ቀን ጠዋት ነው። ፔርሙዙን ግን ከቡናው ረከቦት አጠገብ ነበር ያስቀመጡት። አንድ አጎት ወተት መስሏቸው ስኒያቸው ላይ ቀዱና ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨመሩበት። ፉት አሉት፣ ትንሽ አሰቡ፣ ከዚያ «ይሄ የአሜሪካ ወተት ቁንዶ በርበሬ ይበዛበታል» ብለው እስከ ዝቃጩ ጨለጡት።