ቀንድ ያበቀለች ጥንቸል ደጃችሁ ስትመጣ የሚሠሩ ስህተቶች

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኦገስት 2025 በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት የፎርት ኮሊንስ ነዋሪዎች ፊታቸው ላይ ጥቁር እሾህ የበቀለባቸውን የዱር ጥንቸሎች ፎቶ ማጋራት ጀመሩ። ወሬው በጥቂት ቀናት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ፤ «የዞምቢ ጥንቸል» የሚል ስምም ወጣላቸው። በሽታው ግን የቆየ ነው። ሪቻርድ ሾፕ የተባለው ተመራማሪ በ1933 እነዚህን ቀንድ መሳይ እብጠቶች ፈጭቶ፣ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጥልሎ፣ ፈሳሹን በጤነኛ ጥንቸል የተጫረ ቆዳ ላይ በመቀባት መነሻው ቫይረስ መሆኑን አሳየ። የሾፕ ፓፒሎማ ቫይረስ የሚባለውም በእሱ ስም ነው።

«ቀንዱ» አጥንት የለውም። ጥፍርና ፀጉር ከሚሠሩበት ከኬራቲን የተሠራ የደረቀ ኪንታሮት ነው፤ በአፍ፣ በዓይን፣ በጆሮና በአንገት ዙሪያ ይወጣል። በዋናነት የሚያዛምቱት ትንኝና መዥገር ስለሆኑ በሙቀት ወራት ይበዛል። በዚያው ግዛት በዴንቨርና በኦሮራ ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችንም ኮተንቴይል የምትባለውን፣ ጭራዋ የጥጥ ንድፍ የምትመስለውን ጥንቸል በየማለዳው ሳራቸው ላይ ስለሚያዩዋት ጉዳዩ ይመለከታቸዋል።

ልጆቹን ቤት መቆለፍ

ቫይረሱ ከጥንቸል ዘር አያልፍም። ሰውን፣ ውሻንም ሆነ ድመትን አይዝም። ልጆቹ ይጫወቱ፤ የዱር እንስሳ እንዳይነኩ ብቻ ንገሯቸው።

«ቆርጠን እናሳርፋት» ማለት

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ በርኅራኄ የሚሠራ በመሆኑም ከሁሉ ያሳዝናል። ሰው ጥንቸሏን በፎጣ ጠቅልሎ በመቀስ ወይም በጥፍር መቁረጫ ቀንዱን ሊያነሳላት ይሞክራል። ላዩ ደረቅ ነው፤ ሥሩ ግን ደም የሚመላለስበት ሕያው ሥጋ ነው። ሲቆረጥ ይደማል። ደሙ ዝንብ ይጠራል፣ ዝንቧ እንቁላሏን ትጥላለች፣ በሙቀት ወራት ደግሞ እንቁላሉ በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይሆንና ቁስሉን ይበላል። ነገሩ እዚያ ሳይደርስም ሌላ መዘዝ አለ። የጥንቸል አጥንት ቀላል፣ የኋላ እግሯ ጡንቻ ግን ብርቱ ነው፤ ተይዛ በሙሉ ኃይሏ ስትራገጥ የገዛ ወገቧን ትሰብራለች። ያልተሰበረችውም በድንጋጤ ብቻ ልትሞት ትችላለች። በዚህ መሀል ቁንጫዋና መዥገሯ ወደ ያዣው እጅ ይሻገራሉ። እባካችሁ ተዉ። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ይዞ ማቆየትም በኮሎራዶ ሕግ ክልክል ነው።

ከሥቃይ ለመገላገል ብሎ መግደልም ያው ችኮላ ነው። አብዛኞቹ ኮተንቴይሎች ቫይረሱን በራሳቸው አቅም ያሸንፉታል፤ ብርዱ ሲገባ ቀንዱ ረግፎ ንጹሕ ቆዳ ይቀራል። አደጋ የሚሆነው እብጠቱ ዓይን ሲሸፍን ወይም ከንፈር ላይ ተደራርቦ ሳር መንጨት ሲከለክላት ነው። ስለዚህ ቀንዱን ትታችሁ አበላሏን እዩ። ሳሩን በፊት ጥርሷ ቆርጣ አገጯን ከጎን ወደ ጎን እያፋጨች የምታኝክ ከሆነ ደህና ናት። አፏን ሳር ላይ አድርጋ ምንም ሳትነቅል የምትቆይ፣ አገጯ በለሃጭ የረጠበና የጎኗ አጥንት የሚታይ ከሆነ ግን ለግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ይደወላል።

ሌላ ሰፈር ወስዶ መልቀቅ

ቫይረሱን ላልደረሰበት ሰፈር ማድረስ ነው።

ካሮትና ውኃ ማስቀመጥ

ምግብ ባለበት ጥንቸሎቹ ይሰበሰባሉ፤ መዥገሩና ቁንጫውም አብሮ ይሰበሰባል። ያቆረ ውኃ ደግሞ ትንኝ ይፈለፍላል፤ በሙቀት ጊዜ እንቁላሉ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ክንፍ ያወጣል። የአበባ ማስቀመጫ ሳህኑን፣ የወፍ መጠጫውንና የተጣለውን ጎማ በየሳምንቱ አንድ ቀን ድፉ።

የቤት ጥንቸልን መርሳት

ሰው ሁሉ ለራሱ ሲሰጋ፣ በእርግጥ መፍራት ያለባት በጓሮ ኬጅ ውስጥ ያለችው ናት። የቤት ጥንቸል ዘሯ ከአውሮፓ ስለሆነ ከዚህ ቫይረስ ጋር አብራ አልኖረችም፤ ስለዚህ ይበረታባታል። በቆዩ የላብራቶሪ ጥናቶች ኪንታሮቱ ወደ ቆዳ ካንሰር የተለወጠው ከኮተንቴይሎቹ ሩብ ያህሉ ላይ ሲሆን፣ በቤት ጥንቸሎች ግን ሦስት አራተኛ ያህሉ ላይ ነው። ለዚህ ቫይረስ ገበያ ላይ ክትባት የለም። ስለዚህ በሙቀት ወራት ቤት አስገቧት፤ ካልሆነ ኬጁን በሙሉ በመስኮት ወንፊት ሸፍኑት። የዶሮ ሽቦ ትንኝ አይመልስም። ጆሮዋን፣ የዓይኗን ቆብና አፏን በየሳምንቱ ዳብሱ። የስንዴ ፍሬ የሚያህል ሻካራ ነገር ካገኛችሁ ሳታቆዩ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዷት፤ በትንሽነቱ በቀዶ ሕክምና ይነሳል።

እዚህ ላይ አንድ የሚገድል ስህተት አለ፤ መዥገር ለመከላከል ብሎ የውሻ መድኃኒት ማፍሰስ። ፍሮንትላይን በሚል ስም የሚሸጠው ፊፕሮኒል ጥንቸልን አንዘፍዝፎ ይገድላል። ለጥንቸል የሚሆነውን ሐኪሙ በክብደቷ ልክ ያዛል።

እብጠት ሁሉ አንድ መምሰሉ

ጠንካራ፣ ጥቁርና ሹል ከሆነ ፓፒሎማው ነው ማለት ይቻላል። ለስላሳ ሆኖ መሀሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያለው እብጠት ግን ቦትፍላይ የምትባለው ዝንብ እጭ ሊሆን ይችላል። እጩን በወረንጦ ጎትታችሁ አታውጡ፤ ከተበጠሰ ውስጧ ያለው ቅሪት ሰውነቷን ይመርዛል።

አስቀያሚዋን ፈርቶ የሞተችውን በእጅ ማንሳት

ቀንዳሟ ጥንቸል ሁለት መቶ ሰው ሲያስሮጥ፣ ምንም ምልክት የሌለባት የሞተች ጥንቸል በባዶ እጅ ተነስታ ቆሻሻ ውስጥ ትጣላለች። ሰውን የሚይዘው በሽታ ግን የሚመጣው ከዚችኛዋ ነው። ቱላሪሚያ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ በኮሎራዶ ጥንቸሎች ላይ በየጊዜው ይገኛል፤ ሰውን ለማሳመም ከ10 እስከ 50 ባክቴሪያ ይበቃዋል፤ በቆዳ ጭረት ይገባል፣ በመዥገር ንክሻ ይገባል፣ በትንፋሽም ይገባል። በሣር ማጨጃ ማሽን ሬሳ ላይ መሄድ አደገኛ የሆነውም ማሽኑ ባክቴሪያውን አቡንኖ ወደ ሳንባ ስለሚያስገባው ነው። ረጅም ሣር ከማጨዳችሁ በፊት ግቢውን አንድ ዙር ተዘዋውራችሁ እዩ።

የሞተች ካገኛችሁ ውሻውን እሰሩ። ጓንት አድርጉ፣ በሬሳውና በዙሪያው ላይ የቁንጫ መግደያ ንፉ፣ በረጅም አካፋ አንሱና በሁለት ፌስታል ደራርባችሁ ቋጥሩ፤ ከዚያ ውጪ ባለው ገንዳ ውስጥ ጣሉ። አካፋውን በበረኪና እጠቡ። በአብዛኛው ከሦስት እስከ አምስት፣ ቢዘገይ እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ትኩሳት፣ የማይድን ቁስልና የእጢ ማበጥ ከመጣ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ጥንቸል መንካታችሁንም መጀመሪያ ተናገሩ። ሐኪሙ ይህን ካላወቀ አሞክሳሲሊን ሊያዝ ይችላል፤ አሞክሳሲሊን ደግሞ ቱላሪሚያን አያድንም። የሚያድኑት እንደ ዶክሲሳይክሊን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ጀንታማይሲን ያሉት ናቸው።

ከአንድ በላይ ጥንቸል በድንገት ሞተው፣ በተለይም አፍንጫቸው ላይ ደም ካያችሁ፣ በ2020 ኮሎራዶ የገባው የጥንቸል ደም አፍሳሽ ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ሰው አይዝም፤ የቤት ጥንቸልን ግን በጫማችሁ ላይ በቆየ ቆሻሻ እንኳ ይደርሳታል። ለዚህኛው ክትባት አለ፤ በ21 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በዓመት አንዴ። ሬሳዎቹን ሳትነኩ ፎቶ አንሱ፣ ቁጥራቸውን፣ ቀኑንና የመንገዱን ስም ጽፋችሁ ለዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ አስታውቁ። ለምርመራ ሊወስዷቸው ይፈልጉ ይሆናልና መልስ እስኪሰጧችሁ አትጣሏቸው፤ በባልዲ ክደኑና ልጆችና ውሾችን አርቁ።