ፋርማሲ የተሰጣችሁ ኪኒን የታዘዘላችሁ ነው? በስም መመሳሰል የሚመጣ ስህተትና መፍትሄው

ችግር፦ መድኃኒቱን እየወሰዳችሁ ሕመሙ አልሻል አለ

ለአሜባ ታክማችሁ ተቅማጡ አልቆም አለ እንበል። ጠንከር ያለ መድኃኒት ፍለጋ ከመሄዳችሁ በፊት ማሸጊያውን አንብቡት። ብዙ ሰው ፍላጂል ብሎ የሚያውቀው የአሜባ መድኃኒት ሜትሮኒዳዞል ነው። ለስኳር የሚሰጠው ደግሞ ሜትፎርሚን ይባላል። ሁለቱም በ«ሜት» ይጀምራሉ፤ ሁለቱም ባለ 500 ሚሊግራም ኪኒን አላቸው። በእጅ በተጻፈ ማዘዣ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ፊደላት ይነበባሉ፣ የቀረው ሞገድ የመሰለ መስመር ይሆናል፣ መጨረሻው ላይ 500 ይላል። ወረፋ ሲበዛ ዓይን የለመደውን ያነባል።

ይህን ጥንድ በጣም የምፈራው ስህተቱ ራሱን ስለሚደብቅ ነው። ሜትፎርሚን በራሱ ተቅማጥ ያመጣል። በስህተት የወሰደው ሰው ታዲያ አሜባው የበረታበት ይመስለዋል። የስኳር ታማሚው በተራው ሜትሮኒዳዞል ሲሰጠው የራሱን መድኃኒት ስላልወሰደ ስኳሩ ይጨምራል፤ ቤተሰቡ «ምግብ አልጠነቀቅ ብለህ ነው» ይለዋል እንጂ ኪኒኑን የሚጠረጥር የለም።

መፍትሄ፦ የመድኃኒቶቹ ስም ቢመሳሰልም የሚታዘዙበት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የተለያየ ነው። ስለዚህ ሐኪሙን «ዶክተር፣ ለምን እንደሆነም ማዘዣው ላይ ይጻፉልኝ» በሉት። «ለአሜባ» የምትል አንዲት ቃል ፋርማሲስቱን ቆም ታደርገዋለች። መድኃኒቱን ስትቀበሉ ደግሞ «ይሄ ለምን ሕመም ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «የስኳር ነው አይደል?» ካላችሁ በጥድፊያ መሃል «አዎ» ማለት ይቀላል። መልሱ ከባለሙያው አፍ ይውጣ።

ችግር፦ ያልጠበቃችሁት ስሜት መጣ

ለማሳከክ የታዘዘ ኪኒን ውጣችሁ ልባችሁ ይመታል፣ ራሳችሁን ያማችኋል፣ ስትነሱ ያዞራችኋል። ለማሳከክ የሚሰጠው ሃይድሮክሲዚን ነው፤ ሃይድራላዚን ግን የደም ግፊት ያወርዳል። በላቲን ፊደል ሲጻፉ መነሻቸውም መድረሻቸውም አንድ ነው። መደርደሪያው በፊደል ተራ ከተደረደረ ደግሞ ተቀራርበው ይቀመጣሉ።

መፍትሄ፦ ቀጣዩን ከመዋጣችሁ በፊት ማሸጊያውንና ማዘዣውን ይዛችሁ ወደ ፋርማሲው ወይም ወደ ሐኪሙ ሂዱ። ራሱን የሳተ ወይም መተንፈስ የከበደው ሰው ካለ ግን በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። እንደ ግሊበንክላማይድ ያለ የስኳር ኪኒን በስህተት ተውጦ ላብና መንቀጥቀጥ ከመጣ፣ ሰውየው መዋጥ ከቻለ ስኳር ወይም ጣፋጭ ነገር ስጡትና ሆስፒታል አድርሱት። ተሻለኝ ቢልም አትመልሱት፤ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ስኳሩ እንደገና ሊወርድ ይችላል።

ፋርማሲ ውስጥ ለምትሠሩ፦ ተመሳሳዮቹን አራርቃችሁ አስቀምጡ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2001 አምራቾችን የሚለያዩትን ፊደላት በትልቁ እንዲያትሙ ጠይቋል። ይህን በእስክሪብቶ መለያ ወረቀት ላይ መሥራት ምንም አያስወጣም። ስም እስከመቀየር የተደረሰበትም ጊዜ አለ፦ የጨጓራው ሎሴክ ሽንት ከሚያሸናው ላሲክስ ጋር እየተምታታ ስላስቸገረ እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ ውስጥ ፕሪሎሴክ ተብሏል።

ችግር፦ መድኃኒቱ ከውጭ ተላከ

የንግድ ስም ከአገር አገር ይለያያል። ፍሎማክስ አሜሪካ ውስጥ ለፕሮስቴት ችግር የሚሰጥ ነው፤ ጣሊያን ውስጥ በዚያው ስም የሚሸጠው የብግነት መድኃኒት ነው። የዚህ ተቃራኒም አለ። ከአሜሪካ የሚመጣው ታይሌኖል፣ ከዓረብ አገር የሚመጣው ፓናዶልና ከእስራኤል የሚመጣው አካሞል ሦስቱም ፓራሲታሞል ናቸው። የተለያዩ መስሏቸው ደራርበው የሚወስዱ አሉ። ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም ካለፈ ጉበት ሊጎዳ ይችላል።

መፍትሄ፦ ከንግድ ስሙ በታች በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም አንብቡ። የምትልኩ ወገኖች ደግሞ ኪኒኑን ፈታችሁ በላስቲክ አትቋጥሩት፤ ከነካርቶኑና ከነመመሪያው ላኩት። ለእማማ ስትደውሉም በአማርኛ «ይሄ የግፊት ነው፣ ጠዋት አንድ» ብላችሁ ካርቶኑ ላይ አብሯቸው ያለው ሰው እንዲጽፍላቸው አድርጉ።