ሽሪምፑ ለምን ጎማ ሆነ? በርበሬውስ ለምን መረረ?

ወጥ እየሠራን ያደግን ሰዎች ትዕግስት ለምደናል። ስጋ በቆየ ቁጥር ይለሰልሳል። ሽሪምፕ የሚባለው ትንሽ የባሕር እንስሳ ግን በቆየ ቁጥር ይጠነክራል። ዓረብ አገር ያላችሁ ሩቢያን ሲባል የምትሰሙት እሱው ነው። በበርበሬና በነጭ ሽንኩርት ሲጠበስ በጣም ይጣፍጣል፤ የሚበላሽባቸውም ብዙ ናቸው።

እንደ ጎማ ሆነ

ብዙ ጊዜ እሳት ላይ ስለቆየ ነው። መካከለኛ ሽሪምፕ በጋለ መጥበሻ በአንዱ ጎን 2 ደቂቃ፣ በሌላው 1 ደቂቃ ይበቃዋል። ሰዓት ከማየት ቅርጹን ማየት ይሻላል። ግራጫው ሮዝ ሆኖ እንደ ግማሽ ጨረቃ ከታጠፈ ደርሷል። ጫፍና ጫፉ ገጥሞ ቀለበት ከሠራ አልፎበታል። ከእሳት ወርዶም በራሱ ሙቀት ስለሚበስል ቶሎ አውጡት።

ሌላው ምክንያት ሎሚ ነው። ዶሮና ዓሣ በሎሚ ማጠብ ልማዳችን ነው። ሽሪምፕ ግን ሎሚ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ከተቀመጠ እሳት ሳያይ ይነጣል፣ ይጠነክራል። ሎሚውን መጨረሻ ላይ ጨምቁበት።

ከፍሪዘር ሲወጣ ሮዝ ከነበረ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የበሰለ ነው፤ ማሸጊያውን አንብባችሁ አረጋግጡ። የበሰለ ከሆነ ማሞቅ ብቻ ይበቃዋል።

ውሃ አወጣና ተቀቀለ

በረዶው በደንብ አልለቀቀም፣ ወይም መጥበሻው ተጨናንቋል። ማታ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ከቸኮላችሁ በላስቲክ አስራችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ንከሩት። ከዚያ በሶፍት አድርቁት። ግማሽ ኪሎ ከሆነ ሁለት ጊዜ ከፍላችሁ ጥበሱ።

በርበሬው መረረ

እዚህ ላይ ነው ሁላችንም የምንሳሳተው። ሽሪምፕ የጋለ መጥበሻ ይፈልጋል፤ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት በዚያ ሙቀት ወዲያው ያርራሉ። አንድ ላይ ከገቡ ወይ ሽሪምፑ ያልፍበታል ወይ በርበሬው ያርራል።

ስለዚህ ለያዩአቸው። ሽሪምፑን በዘይት ብቻ ጠብሳችሁ ሳህን ላይ አውጡት። እሳቱን ቀንሱና ዘይት ጨምሩ። የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ግማሽ ደቂቃ ያህል አማስሉ። አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ስትጨምሩ ወዲያው ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ውሃ ስጡት። አሁን ያ የወጥ ትዕግስታችሁ ይጠቅማል፤ ጥሬ ጥሬው እስኪጠፋ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ አቁላሉት። ሽሪምፑን መልሳችሁ ለውሱና አውርዱ። በርበሬው ጨው ካለው ጨው ከመጨመራችሁ በፊት ቅመሱ።

አንዴ ካረረ ስኳርም ሎሚም አይመልሰውም። መጥበሻውን አጥባችሁ እንደገና ጀምሩ፤ ሽሪምፑ ሳህን ላይ ስለሆነ አልተጎዳም።

ከሚገባው በላይ አቃጠለ

ውሃ አትጨምሩ። የሚያቃጥለው ነገር የሚሟሟው በቅባት እንጂ በውሃ አይደለም። ቅቤ ወይም የኮኮናት ወተት ያበርደዋል።

ሸተተ

የባሕር ሽታ ጤናማ ነው። እንደ ጽዳት ኬሚካል አፍንጫ ከሰነፈጠ ግን ጣሉት። ቅመም ሽታውን ቢሸፍነውም የተበላሸውን አያድነውም።

አፍና ከንፈር አሳከከ

ይህን የበርበሬው ነው ብላችሁ አትለፉት። ሽሪምፕ ከባድ አለርጂ ከሚያስነሱ ምግቦች አንዱ ነው። መብላቱን ወዲያው አቁሙ። ከንፈር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት ሂዱ። እንግዳ ስትጋብዙም ከማቅረባችሁ በፊት ይስማማው እንደሆነ ጠይቁት።